ጾም ነኝ ያልኩበት ዓመት

ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ካለፈ በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ በማስተምርበት የቡሬ ትምህርት ቤት አንዲት ተማሪ በምሳ ሰዓት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። ጓደኞቿ ውጭ በዛፍ ጥላ ሥር ምሳ ዕቃቸውን ከፍተዋል። ለምን እንደማትበላ ስጠይቃት ቀና ሳትል «ጾም ነኝ» አለችኝ። ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ነበር፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት። እሷም ይህን ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእሷ ጉዳይ ነው፤ ከእናቷና ከጤና ጣቢያው ጋር ሆነን የምንችለውን እያደረግን ነው፣ ታሪኳን እዚህ አላመጣውም። እኔ ግን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ማስተማር አቃተኝ። እነዚያን ሁለት ቃላት በዚያ ድምፅ ሲነገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋቸው ከራሴ አፍ ነበር።

ደርግ በወደቀ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ግድም ነው። ከማንኩሳ ወደ ውስጥ በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ ገጠር ወጥቼ ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበር። የገጠር ተማሪ ሁሉ እንደሚያደርገው እኔም ጭቃ ምርግ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። እናቴ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ ስንቅ ታመጣልኛለች፤ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የዳጉሳ እንጀራ፣ ለቀሪዎቹ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ በጨርቅ የተቋጠረ በርበሬ። ዝናብ ሲጥል ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሣ ጮክ ብሎ ማንበብ አይቻልም። ያን ክፍል ግን እወደው ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ የምለው በር ነበረኝ።

ነገሩ የጀመረው ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ለፋሲካ አገር ቤት በገባሁ ጊዜ ነው። ከምንጭ ተመልሼ እንስራዬን ሳወርድ ደጃፍ ላይ የተቀመጠችው አክስቴ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና እናቴን «ይች ልጅ እኮ ደርሳለች» አለቻት። ክፉ አስባ አልነበረም። በእኛ አገር እህልም ሴት ልጅም ሲደርሱ የሚነገረው በአንድ ቃል ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከማዶ ሰፈር ሽማግሌዎች መጡ። አባቴ እሺም እምቢም ሳይል፣ እህሉ ይሰብሰብና እንነጋገራለን ብሎ መለሳቸው። እኔ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ።

የጎረቤታችን ልጅ ሰባተኛ ክፍል ላይ ስትዳር ደብተሯን ለታናሽ እህቷ ስትሰጥ አይቻለሁ። መከራከር አላውቅበትም፤ በአባቴ ፊት ቆሜ የራሴን ጉዳይ ተናግሬ አላውቅም። በእጄ ያለው አንድ ነገር ብቻ መሰለኝ። ደረሰ የተባለው ሰውነቴ ነው፤ ሰውነቴ ወደ ልጅነቱ ከተመለሰ ነገሩም ይቀራል።

ክረምቱ ገባ፣ ፍልሰታ መጣ። ልጅ አዋቂው በሚጾምበት በዚያ ሰሞን የእኔን አለመብላት የሚያስተውል አልነበረም፤ እንዲያውም ጎረቤቶች ምን ያለች መንፈሳዊ ልጅ ወጣች ብለው አመሰገኑኝ። ምስጋናው ደስ አለኝ። ፍልሰታ ሲፈታ ግን የእኔ አልተፈታም። መስከረም ላይ ወደ ከተማ ስመለስ የጀመርኩበትን ምክንያት እንኳ እምብዛም አላስበውም ነበር። ባልበላሁ ቁጥር አንድ ነገር ያሸነፍኩ፣ በበላሁ ቁጥር ደግሞ የሰረቅሁ ይመስለኝ ጀመር። ይህን ላልደረሰበት ሰው ማስረዳት ዛሬም ይከብደኛል። ረሃቡ ጠፍቶ አይደለም፤ ሰሌዳውን እያየሁ የማስበው ስለ ወጥ ነበር።

በዚያው መስከረም ከግቢያችን ክፍሎች አንዱን ሰርክዓለም የምትባል ልጅ ተከራየችው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ቤተሰቦቿ ቡሬ አጠገብ የሚያርሱ አዊዎች ናቸው፤ አማርኛዋ እንደኛው ነው፣ ስትቆጥር ግን ሁልጊዜ በአገውኛ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ዳንቴል ትሠራለች፣ ከንፈሯ ቀስ እያለ ይቆጥራል። እኔ እታለም እላት ነበር።

ኅዳር ላይ መንገድ ላይ ወደቅሁ። ያን ሰሞን ፍኖተ ሰላም ቀይ ነው። በየግቢው፣ በየመንገዱ ዳር በሰሌን ላይ በርበሬ ለፀሐይ ይሰጣል፤ የሚያልፍ ሁሉ ያስነጥሳል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአንዱ ሰሌን አጠገብ ራሴን ሳትኩ። ዐይኔን ስገልጥ ሴቶች ከበውኛል። አንዷ ፊቴ ላይ ውኃ ትረጫለች፣ ሌላዋ ቡዳ በልቷት ነው ትላለች። ያልበላችውን ልጅ ተበላች አሏት። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን ተመቸኝ፣ ጥፋቱ የሌላ ሰው ሆነልኛ።

ደግፈው ቤቴ አደረሱኝ። ሰርክዓለም ሰምታ መጣች። ጥግ የተቀመጠውን የስንቅ ከረጢት ከፍታ አየችው። እናቴ ከሁለት ሳምንት በፊት ያመጣችው በሶ አፉ እንደታሰረ ነው፣ ድርቆሹም አልተነካም። ሳትጠይቀኝ «ጾም ነኝ» አልኳት። ከረጢቱን መልሳ አሰረችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጾም መፍቻ ቀን አለው» አለችኝ። «ያንቺ መቼ ነው የሚፈታው?»

መልሴን ሳትጠብቅ የራሷን ነገረችኝ። ቡሬ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች ታላቅ ወንድሟ ሞተ። እህል በአፏ አልዞር አለ። ተዝካሩ ወጣ፣ ኀዘኑም በረደ፣ አለመብላቱ ግን አብሯት ቆየ። አንድ ዓመት ከትምህርት ቀረች። ጸበል ወሰዷት፤ ጸበሉን ትወደው ነበር፣ እዚያ የሚቆጣት ሰው ስላልነበረ። ቤት ስትመለስ ግን ሁሉም ብይ ይሏታል፣ ይለምኗታል፣ ያለቅሱባታል፣ እሷም ይብስባታል። አንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው ብቻ በየቀኑ ቀትር ላይ የራሷን ምሳ ይዛ ትመጣና አጠገቧ ተቀምጣ፣ ስለ ከብትና ስለ ዝናብ እያወራች ትበላለች። ብይ ብላት አታውቅም። አንድ ቀን ሰርክዓለም ሳታስበው እጇን ወደ ሴትዮዋ ምሳ ሰደደች። ያዳነችኝ እሷ ናት አላለችኝም። ከእሷ ጋር መብላት ጀመርኩ ነው ያለችኝ። ፍኖተ ሰላም የመጣችው የሚያውቃትና ምን በላሽ የሚላት ሰው በሌለበት ከተማ ትምህርቷን ለመጨረስ ነበር።

ከዚያ ስምምነት አደረግን። «እኔ ብይ አልልሽም» አለችኝ። «አንቺም ሳትበይ በልቻለሁ አትበይኝ። ሌላ ሕግ የለንም።»

በማግስቱ ወደ ክሊኒክ ወሰደችኝ። የጤና ረዳቱ ደም እንዳነሰኝ ነግሮኝ ኪኒን ሰጠኝ፤ በየሳምንቱም እንድመለስ አዘዘኝ። ስንወጣ ስለ ጾሙ የንስሐ አባቴን እንድጠይቅ መከረችኝ፤ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ጠየቅኋቸው። ለታመመ ሰው መታዘዙ ጾሙ ነው፣ የተሰጠሽን ብይ አሉኝ። እሷም ከንስሐ አባቷ ተመሳሳይ ቃል ተሰጥቷት እንደነበር የነገረችኝ ኋላ ነው። ሁዳዴ ሲገባ የግቢው ሰው ሁሉ ሲጾም እኛ ሁለታችን ጠዋት በር ዘግተን እንበላ ነበር። እፍረቱ ከባድ ነበር። ለሁለት ሲሆን ግን ቀለል ይላል።

የመጀመሪያዎቹን ማዕዶች አልረሳቸውም። ድርቆሹን በበርበሬ አርሳ በአንድ ሳህን ታቀርበዋለች። እጄ ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ይቆማል። እሷ እየበላች ስለ ሂሳብ አስተማሪዋ ታወራለች። አንድ ጉርሻ ለመዋጥ የሚፈጅብኝ ጊዜ ሲረዝም እንኳ ወደ እኔ አታይም። አንዳንዴ እንባዬ ሳህኑ ውስጥ ይወርዳል፤ እሷ ወሬዋን ትቀጥላለች። የሚከብደው ደግሞ መብላቱ ብቻ አይደለም፣ ከበሉ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ያን ታውቃለች። እንደጨረስኩ እጄን ታስታጥበኝና የዳንቴል መርፌና ክር ትሰጠኛለች። በአገውኛ እስከ ዐሥር መቁጠር የተማርኩት በዚያ ሰዓት ነው። መጀመሪያ የሠራሁት ዳንቴል ጎባጣ ነበር፣ ምን ላይ እንደሚደረግ እንኳ አልታወቀም።

ደህና ሳምንት ይመጣል፣ በሚቀጥለው ደግሞ ወደ ነበርኩበት እመለሳለሁ። አንድ ቀን፣ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ሰርክዓለም ከመነሻው የነበረውን ነገር ለእናቴ ካልነገርኳት የምንበላው ሁሉ ከንቱ እንደሚሆን ነገረችኝ። አንቺ ንገሪልኝ ብዬ ለመንኳት። እምቢ አለች፤ አጠገቤ ለመቀመጥ ግን ቃል ገባች።

ቅዳሜ እናቴ ከገበያ መጣች። የተሸከመችውን ሳታወርድ ክንዴን ያዘችው፤ ጣቶቿ ዙሪያውን ጨብጠው ተገናኙ። ሰርክዓለም በርጩማ አቀረበችላትና ከእኔ ጎን መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«እማ» አልኳት፣ «ደርሳለች ተብዬ እንዳልዳር ብዬ ነው።»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ስትጠቀልልና ስትፈታ ቆየች።

«እኔ ስዳር የወተት ጥርሴ ተነቅሎ አላለቀም ነበር» አለች በመጨረሻ። «ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አንቺን ሳልጠይቅሽ ቀረሁ።» ቀጥላም «የአባትሽን ነገር ለእኔ ተይልኝ» አለችኝ። ከዚያ ወደ ሰርክዓለም ዞራ ምን ላድርግላት አለቻት፣ እንደ ትልቅ ሰው።

«ምንም አይበሏት» አለች ሰርክዓለም። «ስንቁን እንደ ወትሮው ያምጡላት። ሲመጡ ደግሞ አብረውን ይብሉ።»

እናቴ ያን ዕለት ከእኛ ጋር በላች። አባቴ ሽማግሌዎቹን እንዴት እንደመለሳቸው አላውቅም፤ ቤት ውስጥ ምን ክርክር እንደነበረም እናቴ እስክትሞት አልነገረችኝም። አባቴ እስከ ጥምቀት አላናገረኝም። በጥምቀት ማግሥት ማር በቅል ይዞ መጣ። ኮርቻ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ቀጥ ብሎ መደቡ ላይ ተቀመጠና ትምህርቱ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። ደህና ነው አልኩት። ከሁለት ሴት ልጆች ጋር በአንድ ሳህን ሲበላ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ግድግዳውን እያየ ቀስ ብሎ በላ። ሲወጣ ሰርክዓለምን እግዜር ይስጥሽ አላት። ለእኔ ምንም አላለኝም፤ ግን መንገዱ ላይ ቆሞ እስክሸኘው ጠበቀኝ። አስፋልት ባልነበረው መንገድ አቧራውን እያስነሣን እስከ ከተማው መጨረሻ አብረን ሄድን።

ግንቦት ላይ ጉንጬ ሞልቶ፣ ደረጃ ስወጣ ማለክለኩ ቀርቶልኝ ነበር። የማትሪክ ፈተና ሲቃረብ ግን ሰርክዓለም ዝምታ አበዛች። ጎህ ሲቀድ ተነሥታ ታነባለች። አንድ ቀን ስንበላ እንጀራው ወደ እኔ በኩል ሲገፋ አየሁ። በማግሥቱም እንዲሁ። ያን የእጅ አኳኋን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ዐይቼ እንዳላየሁ ልሆን ሞከርኩ። እሷ ታላቄ ናት፣ የዳነችው እሷ ናት፤ እኔ ምን ሆኜ እናገራታለሁ? በሦስተኛው ቀን ምሳ አቅርቤ ስጠራት ከበሯ ሳትወጣ በልቻለሁ አለችኝ።

ሳህኑን ይዤ በሯ ላይ ቆምኩ።

«እታለም፣ ስምምነታችን በልቻለሁ ላንባባል ነበር።»

ፊቷ ተለወጠ። ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ በሯን ዘግታ አነበበች። እኔ በሁለቱም ቀን ቀትር ላይ ደጃፏ ተቀምጬ ምሳዬን በላሁ። ብቻዬን መብላት እንደምችል የታየው ያኔ ነው፣ ግን ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። ስለ ዝናቡ አወራሁ፤ ለበሩ ነበር የማወራው። በሦስተኛው ቀን በሩ ተከፈተ። መጥታ ደጃፉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አንቺን አፍሬ ነው» አለችኝ። «ደህና መሆን የነበረብኝ እኔ ነኝ ብዬ።»

ሳህኑን በመሃላችን አደረግሁት። ስትበላ ሌላ ቦታ አየሁ። ስትጨርስ ዳንቴሏን አምጥቼ ሰጠኋት። በሚቀጥለው ሳምንት ክሊኒክ የሄድነው ሁለታችንም ለመታየት ነበር። ፈተናዋን ተፈተነች፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣችም፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ግን ገባች። ሐምሌ ላይ በዝናብ ውስጥ ዕቃዋን ተሸክመን መኪና መሳፈሪያው ድረስ ሸኘኋት።

ዛሬ ሰርክዓለም ሽንዲ ከተማ ነው የምታስተምረው። ሁለታችንም ሽበት አውጥተናል። በዚህ ዓመት ለሥራ ሄጄ ቤቷ አደርኩ። ጠዋት ቁርስ እየበላን ትንሿ ልጇ እንዴት እንደተዋወቅን ጠየቀቻት። ሰርክዓለም ነገረቻት። ታሪኩ ግን እኔ የማውቀው አልነበረም። በእሷ ታሪክ ውስጥ የታመመችው እሷ ናት፤ ከአሥረኛ ክፍል የሆነች አንዲት ቀጭን ልጅ ሁለት ቀን በሯ ላይ ተቀምጣ ምሳ በልታ አስነሣቻት። ኅዳር አልነበረም፣ በርበሬው አልነበረም፣ በሶውም አልነበረም። ላርማት አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

በመኪና ወደ ቡሬ ስመለስ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ መጣሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ዕዳዋ ያለብኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እሷም ይህንኑ ስታስብ ኖራለች። ያን ዓመት በአንድ ሳህን ስንበላ ማን ማንን ደግፎ እንደያዘ ሁለታችንም አላወቅንም ነበር። አሁን ላውቀውም አልፈልግም። አንዳንድ ሰሞን፣ ኀዘን ሲበዛብኝ፣ እጄ ዛሬም ማዕድ ላይ ይዘገያል። እንዲያ ሲሆን ብቻዬን አልቀመጥም፤ የሚበላ ሰው ፈልጌ አጠገቡ እቀመጣለሁ።