«ካምቢዮው ይውረድ»

ከደብረ ማርቆስ የተነሳሁት ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ነው። ጉዞዬ ወደ መርጡለ ማርያም፣ የእናቴን ታላቅ እህት ለማምጣት ነበር። እናቴ «እታለም» እያለች ስለኖረች እኛም ልጆቿ እታለም ነው የምንላቸው። እታለም ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ተጋርደው ዓመታት አልፈዋል። ጥላና ብርሃን ይለያሉ፤ ከዚያ ያለፈ አያዩም። ሰሞኑን ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ከተማችን መጥተው ነበር። ምዝገባው የሚዘጋው ረቡዕ በሥራ መውጫ ሰዓት ነው ተባለ። ሐኪሞቹ ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚመለሱ ብጠይቅ «አይታወቅም» አሉኝ። «አይታወቅም» በእኛ አገር ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ደግሞ አንባቢ አይጠፋውም።

መኪናዬ አሮጌ ናት። የፍሪሲዮን ዘይት ትንሽ ትንሽ ታንጠባጥባለች፣ እኔ እጨምርላታለሁ፤ ተስማምተን እንኖራለን። ከመንገዱ ጋር ግን አልተስማማንም። ከቢቸና ወዲያ ለጥገና ተብሎ ዳር ዳሩን የተከመረው ጠጠር ሣር አብቅሎበታል። በግ ሲግጥበት አየሁ። ጉድጓዱ ግን እንዳለ ነው። በየጉድጓዱ አንድ እርግማን እየጣልኩ አመሻሽ ላይ ደረስኩ።

መርጡለ ማርያም፣ ረቡዕ ማለዳ

ኮፈኑን ከፍቼ ራዲያተሩን አየሁና «ውሃ ጎድሏታል» ብዬ ጀሪካን ፍለጋ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ስመለስ እታለም ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው መኪናዋ አጠገብ ቆመዋል። አንድ እጃቸው ሞተሩን ይዳብሳል፣ ከንፈራቸው ጸሎት ያነበንባል። መንገዱን የሚባርኩ መሰለኝ። ውሃዬን ሞላሁ፣ ኮፈኑን ዘጋሁ፣ ተነሳን።

ጠዋቱ ደስ የሚል ነበር። የጤፉ ማሳ ለአጨዳ ደርሷል። እታለም ሽታውን በመስኮት እየሳቡ የትኛው መንደር እንደደረስን ይነግሩኛል፤ አንዴም አልተሳሳቱም።

ቢቸና

ወደ ቢቸና የሚያስገባው ዳገት ላይ ማርሽ ልቀይር ፍሪሲዮኑን ብረግጥ ፔዳሉ ያለ ምንም ጉልበት ወለሉ ድረስ ወረደ። ማርሹ እምቢ አለ። ብጫነው ጆሮ የሚበሳ የብረት ፍጭት አሰማኝ። እንደምንም በአንደኛ እየተጎተትን ከተማው ዳር ያለ ጋራዥ ደረስን።

የጋራዡ ባለቤት መፋቂያውን እያኘከ ከደጃፉ ሳይነሳ አየን። «ካምቢዮው ይውረድ» አለ።

መኪናዋ ውስጥ አልገባም። ፔዳሉን አልረገጠም። መቼ እንደጀመራት እንኳ አልጠየቀኝም። ሳይሞክራት በምን እንዳወቀ ብጠይቀው ድምፁ እንደሚበቃው ነገረኝ። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ማለት ይኸው ነው። መቼ ልወስዳት እንደምችል ስጠይቀው ዓርብ አለኝ። እዚያው ቆመን ስንጨቃጨቅ ቆየንና በንዴት ተመልሼ ገብቼ ማርሹን ብሞክረው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ገባ። ሰውዬው አላፈረም። «ለጊዜው ነው፣ ትመለሳለህ» ብሎ ወደ መፋቂያው ተመለሰ።

ምሳ ሳንበላ ቀጠልን። እታለም ስለ ካምቢዮ ምንነት ጠየቁኝ። የማርሾቹ ቤት ነው፣ እሱ ከወረደ ቀጠሮዎ ቀረ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ የመንደሮቹን ስም መንገር ተዉ።

ቁይ

ቁይ መግቢያ ላይ ያው ሆነች። አሁን ደግሞ ሰው ከበበን። አንዱ የማርሹ ጥርስ አልቋል ይላል፣ አንዱ መኪናዋ ተሽጣ ሌላ ትገዛ ይላል። አንድ መካኒክ ደግሞ ሳልጠራው ቁልፉን ይዞ ከሥሯ ገባና ብሎን መፍታት ጀመረ። ደሜ ፈላ። እግሩን ይዤ ልጎትተው ምንም አልቀረኝም። «ውጣልኝ» ብዬ ጮህኩበት። ወጥቶ አቧራውን አራገፈና፣ ታዲያ ለምን መጣህ በሚል ዓይን አየኝ። ፀሐይ አዘቅዝቃለች፣ ደብረ ማርቆስ ገና ነው። እታለም ከተማ ለመግባት የለበሱትን አዲስ ቀሚስ ጉልበታቸው ላይ እያስተካከሉ ተቀምጠዋል።

ያኔ ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ ማንም ያልሞከረውን ሞከርኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ የኋላም ጭምር፤ ሁሉም ያለ ድምፅ ገቡ። ሞተሩን አስነሳሁ፤ አንዱም አልገባም። የካምቢዮው ጥርስ ቢያልቅ ኖሮ ሞተሩ ጠፍቶም ባስቸገረ ነበር። ችግሩ ፍሪሲዮኑ ሞተሩን ከካምቢዮው አለማላቀቁ ነው። ፔዳሉን ደጋግሜ ብረግጠው ደግሞ ትንሽ ጠነከረና ማርሹ ገባ። እንግዲያው ነገሩ ያለው ዘይቱ ዘንድ ነው።

ኮፈኑን ከፍቼ የፍሪሲዮኑን ዘይት ማጠራቀሚያ አየሁ። ደፍርሷል። በሁለት ጣቴ ባሸው ዘይት ዘይት አይልም። ውሃ ገብቶበታል! ሞተሩ ሲግል ውሃው ይፈላል፣ ፔዳሉም እንፋሎት ይረግጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ቢቸና ላይ ስንጨቃጨቅ ቆይተን ማርሹ የገባው ለዚህ ነበር።

ዘይቱን የሸጠልኝ የደብረ ማርቆስ ነጋዴ ትዝ አለኝ። ቀላቅሎ ሸጦልኛል! ከመስጊዱ ጎን ካለው ሱቅ አዲስ የፍሬን ዘይት ገዛሁ፤ ፍሪሲዮኑም የሚጠጣው ያንኑ ነው። ባለሱቁን እሽጉን ፊቴ ካልከፈትክ አልወስድም አልኩት። ቅር ሳይለው ከፈተልኝ። አሮጌውን ለማስወጣትና ንፋሱን ለማባረር ፔዳሉን የሚረግጥ ሰው ያስፈልጋል። ከበውን ከነበሩት አንዱንም አላመንኩም፤ እታለምን መሪው ጋ አስቀመጥኳቸው። እኔ ከሥር ሆኜ «ይርገጡ» እላለሁ፣ ይረግጣሉ፤ «ይልቀቁ» እላለሁ፣ ይለቃሉ። በመሃል በመሃሉ ነጋዴውን እሰድባለሁ። ሌባ አልኩት፤ ነገ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሜ አዋርደዋለሁ አልኩ።

አንዴ «ይልቀቁ» ብል አልለቀቁም።

«ነጋዴውን ተወው፣ ሆዴ» አሉ። «ጸበሉን የጨመርሁት እኔ ነኝ።»

«የምን ጸበል?»

«ውሃ ጎድሏታል ስትል ሰማሁና፣ የማርያምን ጸበል ብትጠጣ በሰላም ታደርሰናለች ብዬ። በእጄ ስዳብስ አንዲት ክዳን አገኘሁ፣ ፈታሁና ጨመርሁ። የማየው ነገር ቢኖር መች እሳሳት ነበር።»

ቀኑን ሙሉ የምጥልበት ሰው ስፈልግለት የዋልኩት ቁጣ ማረፊያ አጣ። አሳዘኑኝ። ለእኔ ብለው ያደረጉትን፣ በራሳቸው ቀጠሮ ላይ የመጣውን፣ ደግሞም ቀድሞ ገብቷቸው ሲጨነቁ መዋላቸውን አሰብኩ። «ይልቀቁ፣ እታለም» አልኩ ቀስ ብዬ። ለቀቁ።

ደብረ ማርቆስ

ፍሪሲዮኑ ጠንክሮ፣ ማርሹ ሳያጉረመርም ገባን። ሐኪሞቹ ያሉበት ግቢ በር ላይ ግን ዘበኛው ሰዓት አልፏል፣ ነገ ኑ አለን። ምዝገባው ዛሬ ያበቃል፣ ነገ የሚባል የለም! በመንገዱ ሁሉ ያጠራቀምኩትን እዚያ በር ላይ አፈሰስኩት። ጩኸቴን ሰምታ አንዲት ነርስ ወጣች፤ የእታለምን ዓይኖች አየችና እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው።

ቤቴ ገብቼ ስለ ጉዞው ሳስብ የተማርኩት ይህን ነው፦ ማርሽ እምቢ ካለ፣ ካምቢዮ ከማውረድ በፊት ሞተር አጥፍቶ መሞከር። ቁልፍ ከማዞር ያለፈ ድካም የለውም። ይህን ሳይሞክሩ መኪና የሚፈቱትን አሁንም ይቅር አልልም፤ ነጋዴውን ግን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩት።

ሐሙስ ሞራቸው ተገፈፈ፣ ዓርብ ጠዋት ፋሻው ተፈታ። እታለም መጀመሪያ መስኮቱን አዩ፣ ቀጥሎ እጃቸውን ገልብጠው አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው የተቋጠረ ግንባሬን አጠኑ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

«አንተ» አሉ፣ «መንገዱን ሁሉ በዚህ ፊት ነው የመጣኸው?»