የሠላሳ አንድ ቁጥር ሎከር

ናሬል ኮስግሪፍ አርፋ መቀመጥ አታውቅም። ስትበላ እግሯ ይንቀጠቀጣል፤ ስልክ ስታወራ ቤቱን ሦስቴ ትዞራለች፤ ጂፕሰም በምትለጥፍበት ሥራ ላይ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ሻይ ሲጠጡ እሷ ኩባያዋን ይዛ የለጠፈችውን ግድግዳ ትመረምራለች። እናቷ “ይቺ ልጅ ከሆዴም የወጣችው ቸኩላ ነው” ትል ነበር። እውነቷን ነው፤ ናሬል የተወለደችው ዘጠኝ ወር ሳይሞላት ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሲሆናት ግን ያ ሁሉ መቁነጥነጥ ወደ አንድ ነገር ዞረ፤ በማርልስተን የኳስ ክለብ መልበሻ ክፍል ውስጥ ወዳለ አንድ አሮጌ የእንጨት ሎከር፣ የተጫዋች ልብስ ማስቀመጫ ቁም ሣጥን።

የሎከሩ ቁጥር ሠላሳ አንድ ነው። በሩ ላይ ያንን ቁጥር ለብሰው የተጫወቱ የአሥራ አንድ ወንዶች ስም በነጭ ቀለም ተጽፏል። የክለቡ ደንብ ቀላልና ጨካኝ ነው፤ አንድ ጨዋታ፣ አንድ ብቻ እንኳ የተጫወተ ሰው ስሙ ይጻፍለታል፤ ሜዳ ያልገባ አይጻፍለትም። ስሞቹን የሚጽፈው መርቭ የሚባል ሽማግሌ ነው፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ብሩሽ ሲይዝ ግን ቀጥ ይላል። ናሬል ዕድሜ ልኳን የፈለገችው የዚህን ሰውዬ ብሩሽ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በሜልቦርን ምዕራብ ዳር ያደገ ልጅ ከመራመዱ በፊት ሞላላዋን ኳስ ያቅፋል። ናሬልም እስከ አሥራ ሁለት ዓመቷ ከወንዶች ጋር ፉቲ፣ በእጅም በእግርም የሚጫወቱትን፣ ባለኳሱን ይዞ መጣል የሚፈቀድበትን የአውስትራሊያ እግር ኳስ ተጫወተች፤ ብዙዎቹንም ታስከነዳቸው ነበር። አሥራ ሁለት ሲሞላት ደንቡ አይፈቅድም ተባለች። የነገራት አሰልጣኟ ራሱ ነው፤ ዓይኗን ማየት ስላቃተው መኪናውን እያየ ነገራት። እናቷም እንዳይከፋት ብላ ሴቶች የሚጫወቱት ኔትቦል የሚባል የእጅ ኳስ ቡድን ውስጥ አስገባቻት። ኳስ ይዞ መራመድ የማይፈቀድበት ጨዋታ፣ ለናሬል! ስድስት ዓመት ሙሉ እየተነጫነጨች ተጫወተችው።

በአሥራ ስምንት ዓመቷ የሴቶች ፉቲ ቡድን አገኘችና የቤቷን መንገድ ረሳች። ሴቶቹ የሚጫወቱት ወንዶቹ አቡክተው በሄዱት ጭቃ ላይ ነው። መልበሻ ክፍሉ ስለሚቆለፍባቸው ልብስ የሚቀይሩት መኪና ውስጥ ነው። አጥሩን ተደግፈው ቢራ የሚጠጡት ደግሞ ሳህኑን ማን አጠበው እያሉ ይስቃሉ። አንድ ቀን ናሬል ኳሷን እንደያዘች አጥሩ ድረስ ሄዳ፣ ከሁሉ በላይ የሚጮኸውን “ና ግባና አንዴ ምታት፤ ሳህንህን እኔ አጥብልሃለሁ” አለችው። ሰውዬው አልገባም። እንዲህ እንዲህ እያለ ሃያ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው። የጉልበቷ ጅማት ሁለቴ ተበጠሰ፤ ትዳሯም በዚያው መሃል አንዴ።

ከዚያ ድንገት ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ማርልስተን በደሞዝ የሚጫወት፣ በቴሌቪዥን የሚታይ የሴቶች ቡድን አቋቁማለሁ አለ። ለሙከራ ሁለት መቶ ሴት መጣ፤ ሃያ ሰባት ተመረጡ፤ የመጨረሻዋ ናሬል ነበረች። አሰልጣኙ ዴስ እግርሽ አርጅቷል፣ ዓይንሽ ግን አላረጀም ብሎ የሠላሳ አንድ ቁጥር ማሊያ ሰጣት። ቲጋን ዶድዌል ወዲያው “አያቴ” የሚል ስም አወጣችላት፤ ስሙም ተጣብቆ ቀረ።

ቲጋን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በአሥር ዓመቷ ሰፈር ውስጥ ኳስ በግራ እግር መምታት ያስተማረቻት ናሬል ናት። አሁን ከሃምሳ ሜትር ርቃ ጎል ታገባለች፤ ልጆች ስሟን ጀርባቸው ላይ አጽፈው ይዞራሉ። ነገረኛ ናት ደግሞ፤ የሰው ታኬታ መደበቅ፣ የሰው ካልሲ መቋጠር ሥራዋ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ሰባት ጨዋታ ብቻ ነበረው። በስድስቱ ናሬል ተጠባባቂ ሆና ተጻፈች። ተጠባባቂ ማለት ከቡድኑ ጋር ሜዳ ወጥታ ታሟሙቃለች፣ ላብ በላብ ትሆናለች፣ ሰው ካልታመመ ግን ማሊያዋን አውልቃ ወንበር ላይ ትቀመጣለች ማለት ነው። ሜዳው ጢም ይላል፤ አባቶች ሴት ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ይቆማሉ። ናሬል ይህን ስታይ ደስ ይላታል፤ ትቀናለችም። ሁለቱም እውነት ነው። መርቭ በየሰኞው የሌሎችን ስም ሲጽፍ በሠላሳ አንድ በኩል ያልፍና “የኔ እመቤት፣ ቀለሙ እየደረቀብኝ ነው” ይላታል። ትስቅለታለች፤ ቤቷ ገብታ ግን እንቅልፍ አይወስዳትም።

በመጨረሻው ሳምንት ሐሙስ ልምምድ ላይ ሁለት ተጫዋቾች ለአንድ ኳስ ዘለሉና የአንደኛዋ ጉልበት የቲጋንን ጆሮ ግንድ መታው። አሰልጣኞቹ ወደ ሌላው ጎል እያዩ ነበር። ቲጋን ብድግ ብላ ሮጠች። ልምምዱ ሲያልቅ ግን ከናሬል ቦርሳ የናሬልን ታኬታ አውጥታ፣ ገና ያላወለቀችው የራሷ ታኬታ ላይ ልትደርበው ትታገል ጀመር።

“ምን እያደረግሽ ነው?” አለቻት ናሬል።

ቲጋን እግሯን አየች፣ ናሬልን አየች፣ ከዚያ ሳቀች። “እየቀለድኩ ነዋ፣ አያቴ።”

ቀልድ ሊሆን ይችላል። ከሌላ ሰው ቀልድ የማይመስል ነገር ከቲጋን ሲመጣ ቀልድ ይሆናል። ናሬል ሐሙስንና ዓርብን ይህን ስታመነዥክ አደረች። ታኬታውን በዓይኗ አይታለች፤ ግን ያየችው የሆነውን ነው ወይስ እንዲሆን የፈለገችውን? ቲጋን ከወጣች የምትገባው እሷ ናት። ይህን ማንም እንዲነግራት አያስፈልግም። ቅዳሜ የለጠፈችውን ጂፕሰም አጣማ ለጥፋ ነቀለችው፤ በሃያ ዓመት ሥራዋ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

እሑድ ከሰዓት ፀሐዩ ይፋጃል። በማሟሟቂያው ላይ ቲጋን ሕፃን የሚይዘው ኳስ ሁለቴ አመለጣት። ናሬል ጠጋ ብላ ራስሽን ያምሻል ወይ ስትላት፣ ዝም በይና ሩጪ አለቻት። ናሬል ራሷ በጭቃው ዘመን ስንት ጊዜ ግንባሯን ተመትታ፣ ሰማይና ምድር ዞሮባት፣ ምንም አልሆንኩም እያለች ተጫውታለች። ሁሉም እንዲያ ነበሩ። የሚኮሩበትም ነበር፤ ሞኝነት መሆኑን የነገራቸው አልነበረም።

የቡድኑን ሐኪም ፔሬራን ኮሪደር ላይ አገኘቻት። “ዶክተር፣ ቲጋን ሐሙስ ጭንቅላቷን ተመታለች። እኔ ነኝ ያየሁት” አለቻት።

ፔሬራ ቲጋንን ጠርታ ጠየቀቻት። የሜዳው ስም፣ ያለፈው ሳምንት ውጤት፣ ወራቱን ከኋላ ወደፊት። ቲጋን እንደ ውኃ አወረደችው። ኮሪደሩ ላይ የቆሙት ተጫዋቾች እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ናሬልን አዩ። ሐኪሟ ግን አንዴ ከተነገረኝ በኋላ አላስገባትም ብላ ቁርጡን ተናገረች። ዴስ ወደ ናሬል ዞሮ ልበሺ አላት።

ቲጋን ማሊያዋን አውልቃ መሬት ላይ ጣለችው። “ሃያ ዓመት ስትጠብቂ ኖረሽ፣ የወሰድሽው የኔን ቀን ነው” አለቻት። “ስምሽ ሲጻፍ ያስተማርሻትን ልጅ አስታውሺ።”

ናሬል ማሊያዋን ስታጠልቅ እጇ እጅጌውን አጣው። ይህን ቀን ስንቴ አልማዋለች! በሕልሟ ግን ሰው ሁሉ ይስቅላት ነበር። አሁን አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ እንኳ ወንበሩን ትንሽ ፈቀቅ አደረገች።

ተጫወተች። ኳስ ሰባት ጊዜ ነካች፤ አንዱን መትታ የጎሉ እንጨት መለሰባት፤ ከጨዋታው አራት ክፍሎች በሦስተኛው ሩብ የተጋጣሚን አጥቂ ከኋላ ጠምዝዛ ጣለቻትና የሕዝቡ ጩኸት ጆሮዋን ሞላው። ደስ አላት፤ ውሸት አልናገርም፣ ደስ አላት። ኳሷ ስትርቅ ግን ዓይኗ ወደ ወንበሩ ይሄድ ነበር። ቲጋን ጥቁር መነጽር አድርጋ ተቀምጣለች። በመጨረሻው ሩብ ወንበሯ ባዶ ነበር። የጨዋታው ማብቂያ ሳይረን ሲጮህ ማርልስተን በአራት ነጥብ አሸነፈ።

ሲያሸንፉ መልበሻ ክፍል ውስጥ ክብ ሠርተው የክለቡን መዝሙር ይዘምራሉ፤ የመጀመሪያ ጨዋታዋን የተጫወተች መሃል ትቆማለች፣ ከየአቅጣጫው በጠርሙስ ውኃ ትጠመቃለች። ናሬልን ገፍተው መሃል አቆሟት። ውኃው ግን እንደ ሌሎቹ ጊዜ አልዘነበም፤ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ አለ። ጥርጣሬያቸው ያስታውቃል። ከሎከሮቹ ጥግ መርቭ ብሩሹንና የቀለም ጣሳውን ይዞ ቆሟል።

ያን ጊዜ ቲጋን ከሐኪሟ ክፍል ወጣች። ጨለማ ውስጥ ጋደም በይ ተብላ ነበር፣ እሺ አላለችም። ክቡን ሰንጥቃ ገባችና ከጠረጴዛው ሙሉ ጠርሙስ አንስታ ከናሬል በሁለት እርምጃ ርቀት ቆመች። ፊቷ በንዴት ቀልቷል። ናሬል ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ይገባኛል ብላ ነበር።

ጠርሙሱ አልመታትም። ከትከሻዋ አንድ ክንድ ርቆ አለፈና ሎከሩ ላይ ተከሰከሰ። ከሃምሳ ሜትር ጎል የምታገባዋ ልጅ ከሁለት እርምጃ ሳተች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ ቀልድ መስሏቸው መዝሙሩን ይባስ ከፍ አደረጉት።

ቲጋን አልሳቀችም። እጇን አገላብጣ አየችው፣ ከዚያ ቀና አለች።

“አያቴ” አለቻት ቀስ ብላ፣ “ሁለት ነሽ።”

ቲጋን ሳትወድቅ ናሬል ደረሰችላት። ከክቡ አውጥታ ሎከሩ ሥር ተቀመጠችና የልጅቷን ራስ ጭኗ ላይ አሳረፈች። ፔሬራ ሮጣ መጥታ ብርሃን ዓይኗ ላይ አበራችና ናሬልን፣ አምቡላንስ እስኪመጣ ራሷን እንዲሁ ያዢልኝ፣ እንዳትነቃነቂ አለቻት። መርቭ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከኋላቸው መዝሙሩ ገና አላለቀም፣ የክቡ መሃል ባዶ ነው፤ ናሬል ኮስግሪፍ ከአናቷ ውኃ እየተንጠባጠበ አንድም ጣት አላነቃነቀችም።