ከነ ጭነቱ የተለካ መብራት

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ዝቅ» ይለው ነበር። ሹፌሮች «ጋሽ ዝቅ» ይሉታል፤ ልጆች ደግሞ ከኋላው እየተከተሉ «ዝቅ! ዝቅ!» ይላሉ። ስሙን ያወጣለት የገዛ እጁ ነው። አመሻሽ ላይ በመንገድ ዳር ሲሄድ ረጅም መብራት አብርቶ የሚመጣ መኪና ካየ፣ ቆሞ መዳፉን ወደ መሬት ዘርግቶ ቀስ እያለ ወደ ታች ይጫነዋል፤ የሚያለቅስ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። የሚሰማው ሹፌር ጥቂት ነው። እሱ ግን ለሁሉም እጁን ይዘረጋል። እኔ ታላቄ ስለሆነ «ጋሼ» እንጂ በስሙ ጠርቼው አላውቅም።

ሞቶ በለቅሶው ሰሞን ስለ እሱ ብዙ ተወራ። አንዱ በወጣትነቱ ሹፌር ነበር፣ መብራት ዓይኑን ወግቶት ሰው ገጨ አለ። ሌላው ደግሞ አይደለም፣ የገጨው የገዛ ዘመዱን ነው አለ። ሁለቱም ውሸት ነው። ወንድሜ መኪና የሚነዳው የመኪና መብራት ከሚያስተካክልበት ጋራዥ በር እስከ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ድረስ ብቻ ነበር፤ ማንንም አልገጨም። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው፤ በሰው ስም ያልሆነ ነገር ሲሰፍር ዝም ማለት አይሆንልኝም። ስለዚህ የሆነውን ልጻፍ።

እናታችን በእርጅናዋ ሁለቱም ዓይኖቿ ሞራ ጋርዷቸው ነበር። ሐኪም ቤት ውላ ስትመለስ እጇን ይዞ በመንገዱ ዳር የሚያመጣት እሱ ነው። መኪና መብራቱን አብርቶ ሲመጣ እናታችን ቀጥ ብላ ትቆማለች። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ እንደ ጥፋተኛ አንገቷን ደፍታ፣ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ደግሞ ትንሽ ትራመዳለች፤ ሌላ መኪና ይመጣል፤ ደግሞ ትቆማለች። «ምን አደረግኋቸው ልጄ?» ትለው ነበር። ያን ጊዜ እሱ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ገና መማሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመኪና አካል ሁሉ የፊት መብራት ብቻ ሥራው ሆነ። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ጋራዡ መንገዱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ያለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ናት። ፊት ለፊቷ የአንድ መጋዘን ጀርባ ግድግዳ አለ። በግድግዳው ላይ በጥቁር ቀለም ቀጥ ያለ መስመር አስምሯል። መኪናውን ከጣሪያው ጥላ ሥር ያቆምና መብራቱን ወደ ግድግዳው ያበራል፤ ብርሃኑ ከመስመሩ በላይ ከወጣ፣ እስኪወርድ ድረስ የመብራቱን ብሎን በካቻቢቴ ያጠብቃል፣ ያላላል። ይህን ማንም ይሠራዋል። እሱን ከሌሎች የሚለየው ባዶ መኪና አለመለካቱ ነው።

አንዲት ሴት አዲስ መኪና ይዛ የመጣችበትን ቀን አስታውሳለሁ።

«ጋሽ ዝቅ፣ እቸኩላለሁ፣ ቶሎ ይበሉልኝ።»

«ስትሄጂባት ማንን ትጭኛለሽ?»

«ልጆቼን፣ እናቴን። ምነው?»

«ይዘሻቸው ነይ።»

«ለመብራት ብዬ እናቴን ከአልጋዋ ላስነሳ?»

«መኪና ከኋላ ሲከብዳት አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ይነሳል። ባዶዋን ብለካት መብራቱ የሚስማማው ለግድግዳዬ ነው፤ ከፊት ለሚመጣው ሰው አይደለም።»

ሴትዮዋ ፊቷን ስታጠቁር ወደ ጎረቤቱ ዞሮ ጮኸ። «ኩንታል! ና ጭነት ሁንልኝ!»

ኩንታል ልብስ ሰፊ ነው፤ ስሙን ለክብደቱ ያወጣለት ወንድሜ ነው። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣና እየተነፈሰ ከኋላ ወንበር ገባ። «ሌላው ሰው የሚፈለገው በሙያው ነው፤ እኔ በመቀመጫዬ!» አለ። ሴትዮዋም ሳትወድ ሳቀች።

እኔ በዚያ ካለፍኩ የእኔ ድርሻ ግድግዳው ጋ ቆሞ ብርሃኑ የት እንዳረፈ መናገር ነበር። «አንቺን ከመጫን ጆንያ መጫን ይሻላል፤ የምትውይው ከወረቀት ጋር፣ የምትመዝኚውም እንደ ወረቀት» ይለኛል። ለሰው ግን፣ «እህቴን ጠይቁ፤ አታጋንንም፣ አታሳንስም» ይል ነበር። በሕይወቴ የተመሰገንኩት ምስጋና ይኸው አንዱ ነው።

አንድ ልጅ አለው። እናቱ ገና ትንሽ ሳለ ስለሞተች ብቻውን አሳደገው። ልጁ በፒካፕ የቤት ዕቃ ከከተማ ከተማ ያመላልሳል። አንድ ቀን ወደ ጋራዡ መጣና አባቱ የገጠመለትን ሁለት አምፖል መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አባዬ፣ እነዚህን ለሌላ ሰው ስጣቸው። ነጩን ገጥሜያለሁ።»

«ያንን ዓይን የሚያጠፋውን?»

«እኔስ ዓይን የለኝም? የሚመጣው ሁሉ ፀሐይ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ዝቅ ስልለት እሱ አይልልኝም። ሁሉም ሲያበራ እኔ ብቻ ልታወር?»

«አንድ ሰው መጀመሪያ ዝቅ ማድረግ አለበት።»

«ያ አንድ ሰው ለምን ሁልጊዜ የአንተ ልጅ ይሆናል?»

እዚያው ነበርኩ። ወንድሜ አምፖሎቹን በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለና መሳቢያ ውስጥ ከተታቸው።

ከዚያ ቀን በኋላ አባትና ልጅ ሆድና ጀርባ ሆኑ። አንድ ቤት እያደሩ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነበር። ልጁ፣ «አክስቴ፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ በይልኝ» ይለኛል፤ አባቱ እጁን ቢዘረጋ የሚነካው ቦታ ተቀምጦ። «ሰምቻለሁ በይው» ይላል ወንድሜ። መጀመሪያ ሳቅ ሳቅ ይለኝ ነበር። ወራቱ ሲረዝም ግን ሳቁ ጠፋ። ልጁ ለአባቱ፣ ጨጓራ ነው ላለን ሕመሙ፣ መድኃኒት ያመጣል፣ አባት ለልጁ እራት ከድኖ ያስቀምጣል፤ ቃል ግን የለም። አንድ ቀን ወንድሜን፣ «እስከ መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ያን መብራት አውርዶ ሳላየው እንዳልሞት ብቻ» አለኝ። ጉበቱ መታመሙን ያን ጊዜ ያውቅ ነበር፤ እኛ አናውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ፈጠነ። ሆዱ አበጠ፣ እግሩ አበጠ፣ ፊቱ ግን ከስቶ አጥንት ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ ትንፋሽ አጠረውና የሰፈሩ ክሊኒክ ነርስ ቤት መጥቶ፣ «እዚህ አይሆንም፣ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ውሰዱት» አለን። አምቡላንስ ስንጠራ ወጥቷል አሉን። ተኝቶ የሚሄድበት መኪና የልጁ ፒካፕ ብቻ ነበር። ኩንታልና ልጁ ከነፍራሹ አንስተው ወደ ቤቱ በር ሲያወጡት ወንድሜ የበሩን መቃን ጨብጦ ያዘ።

«በዚህ መኪና አልሄድም።»

በዚያ ሁሉ ወራት ለልጁ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

«አባዬ፣ በናትህ። አሁን የመብራት ጊዜ ነው?»

«እየመሸ ነው። አሁን ካልሆነ መቼ ነው የመብራት ጊዜ?»

«በአጭሩ መብራት እነዳልሃለሁ።»

«የአንተ አጭር የሌላው ረጅም ነው። የሰው ዓይን እያጠፋሁ ለራሴ ሕይወት አልሮጥም። እዚሁ አስተኙኝ።»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «አክስቴ፣ አንድ ነገር በይው እንጂ!» ምን ልበለው? ኩንታል ነው የገላገለን። «ጋራዡ እኮ መንገዳችን ላይ ነው፤ ስንከራከር የምናጠፋው ጊዜ አምፖሉን ይቀይራል» አለ። ወንድሜ መቃኑን ለቀቀ።

ልጁ ከጋራዡ ጣሪያ ሥር መኪናውን ከግድግዳው ፊት ለፊት አቆመ። ነጮቹን ነቅሎ፣ መሳቢያውን ከፍቶ፣ ከጨርቁ ውስጥ ያሉትን ገጠመ።  ኩንታልና ወንድሜ ከኋላ ናቸው። እኔም አጠገባቸው ልቀመጥ ስል ወንድሜ፣ «አንቺ ውረጂ፣ ግድግዳው ጋ ቁሚ» አለኝ። ከተኛበት ግድግዳው አይታየውም።

«የቀኙ የት አረፈ?»

«ከመስመሩ በላይ ነው፤ አንድ መዳፍ ያህል።»

«አውርደው፣ ልጄ። ቀስ አድርገህ። አሁንስ?»

«ሁለት ጣት ቀርቶታል።»

«እንዳላዝን ብለሽ እንዳትዋሺኝ።»

«ዋሽቼህ አውቃለሁ ጋሼ?»

«አታውቂም። የግራው?»

እንዲህ እያልን ጨረስን። ብርሃኑ ቢጫ ሆኖ፣ ዝቅ ብሎ፣ ከመስመሩ ሥር ተኛ። «ደርሷል» አልኩት። ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ። «ኩንታል፣ ዛሬስ ከአንተ እኔ ሳልከብድ አልቀርም» አለ። ኩንታል ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ግን አልሳቀም። ልጁ ካቻቢቴውን እንደያዘ ወደ ኋላ መጥቶ የአባቱን እግር በብርድ ልብሱ ሸፈነ። 

መንገድ ላይ ብዙ መኪና ከፊት መጣብን። ልጁ ዝቅ ስላደረገ ዝቅ ያደረገለት አንድም አልነበረም። ይህንን የምጽፈው የሆነው እሱ ስለሆነ ነው።

ወንድሜ ሆስፒታል ጥቂት ቀን ከቆየ በኋላ አረፈ። ልጁ፣ «የገደለው ያ ጋራዥ የቆምንበት ጊዜ ነው» ይላል እስከ ዛሬ። ሐኪሙን ለብቻው አግኝቼ ጠይቄዋለሁ፤ በሽታው በዚያች ማታ የሚመለስበት ደረጃ ላይ አልነበረም፣ ቀድመን ብንደርስም የተለየ ነገር አይሆንም ነበር አለኝ። ለልጁ እንዳለ ነግሬዋለሁ። «አውቃለሁ፣ አንቺ አትዋሺም» አለኝ፤ ግን አላመነኝም።

ሰሞኑን ከሥራ ሲወስደኝ መሸብን። መኪናው ባዶ ነበር፤ ከፊት እኔና እሱ ብቻ ነን። መብራቱ መንገዱን ሳይሆን ከጎማው ፊት ያለውን አስፋልት ብቻ ነው የሚያሳየው። ጉድጓድ እላዩ ላይ ከደረስን በኋላ ነው የሚታየን።

«በጣም ዝቅ ብሏል» አልኩት። «እንዲህ እየነዳህ ትሞታለህ። አስተካክለው እንጂ።»

«ልኩ ነው አክስቴ። የተለካው አባዬ ከኋላ እያለ ነው።»

«እሱማ አሁን የለም።»

«የለም» አለ።

ቀጥሎ ምን እንደምለው ሳስብ፣ በኩርባው በኩል ነጭ መብራት መጣ። የፊት መስተዋቱ በሙሉ ነጣ፤ መንገዱም፣ ዳሩም፣ የልጁም ፊት ጠፋኝ። ልጁ አልተሳደበም፤ መልሶም አላበራበትም። መኪናውን ወደ ዳር አወጣና አቆመ። መሪውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ፣ ልክ እናታችን በነጠላዋ ተሸፍና እንደምትቆመው፣ እስኪያልፍ ጠበቀ። ሲያልፍ ተነሳን። ትንሽ እንደሄድን ሌላ መጣ፤ ደግሞ ቆምን።