የወንድሜ ክርስትናና የጀልባዋ ሞተር

መብራት ሲጠፋ የጎረቤታችን ጄኔሬተር ይነሣል፤ ያን ጊዜ የቤንዚኑ ሽታ በአጥሩ ሾልኮ ይመጣና እኔን አሮጊቷን ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ወደነበረው ቤታችን ይመልሰኛል። ሌላውን ሰው ራሱን ያዞረዋል፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ!

አባየ በጣሊያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ሙያ የቀሰመ መካኒክ ነበር፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጎርጎራ ላይ የአንድ ነጋዴ የሞተር ጀልባ ይነዳ ነበር። ክረምት ገብቶ የጣና ማዕበል ሲበረታ ሞተሩን ከጀልባዋ ፈትቶ በጭነት ማኪና ወደ ጎንደር ያመጣውና ጓዳ ውስጥ ከጠላው ጋን ጎን ያቆመው ነበር፤ እማየም «ጠላዬ ቤንዚን ቤንዚን አለ» እያለች ክረምቱን ሙሉ ትነጫነጭ ነበር።

እማየ ዕቃ ክፍት ሲያድር አትወድም። «ክፍት ዕቃ ሰይጣን ይገባበታል» ትልና ሲመሽ ጋኑንም እንስራውንም እየዞርሁ እንድከድን ታዝዘኝ ነበር። አንድ ዓመት መስከረም ላይ ወንድሜን ስትወልድማ ባሰባት። ከእሱ በፊት የወለደችው ልጅ አርባ ቀኑ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳይነሣ ሞቶባት ነበርና ይህን በአርባኛው ቀን፣ አንዲት ቀን ሳታልፍ፣ እሷ ራሷ በተጠመቀችበት በጣና ዳር ባለው ደብር ልታስነሣው ተስላ ነበር።

ጥቅምት ገብቶ ዝናቡ ሲያባራ አባየ ሞተሩን ቤንዚን ሞልቶ ለመንገድ አዘጋጀው። ማምሻውን ዕቃ ስከድን ከሞተሩ ቤንዚን መያዣ ክዳን መሀል የመርፌ ዐይን የምታህል ቀዳዳ አየሁ። ያልተጠመቀ ሕፃን ባለበት ቤት ይች ክፍት ትደር? ከጧፍ ሰም ቆንጥሬ ድፍን አደረግኋትና ኮርቼ ተኛሁ። በማግስቱ ወደ ጎርጎራ ወርደን እዚያው አደርን።

አርባኛው ቀን ዓርብ ዋለ፤ የጾም ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነውና ጠዋት በጀልባዋ ወደ ደብሩ ተነሣን። ሞተሩ ጥቂት ወሰደንና አስነጠሰ፣ ተንገታገተ፣ ጭጭ አለ። አባየ ክዳኑን ከፍቶ አየ፤ ቤንዚን አለ። ዘግቶ ገመዱን ሲስበው ተነሣ፤ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ቀጥ። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትቶ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ፣ እጁ እስኪላጥ ገመዱን ጎተተ፤ እምቢ። ክዳኑን እንደገና ከፍቶ ሲዘጋው ተነሣ፤ ደግሞም ቆመ። «ቤንዚን አለው፣ እሳት አለው፣ ምነው ይቆማል?» እያለ ላቡ ተንቆረቆረ። በታንኳ የሚያልፍ ጎረምሳ «አያ፣ የኔ ታንኳ ቤንዚን አትጠጣም፤ ልጎትትዎት?» ብሎ አፌዘበት። እማየ ሕፃኑን በነጠላዋ ሸፍና ፀሐይዋን ቀና ብላ እያየች «አርባ ቀኑ በባሕር ላይ ሊያልፍብኝ ነው» ብላ አለቀሰች።

ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ፍስስ የሚል ድምፅ እሰማ ነበር፤ ያኔ ሰሙ ትዝ አለኝ። ሰይጣኑን የከለከልሁት መስሎኝ ለካ ከውስጥ ዘግቼበት ኖሯል አልሁ በልቤ። ብናገር እገረፋለሁ፤ ዝም ብል ወንድሜ እንደዚያኛው ሊሞት ነው።

«አባየ፣ የክዳኑን ቀዳዳ እኔ ነኝ በሰም የደፈንሁት!»

አባየ ክዳኑን ገልብጦ አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ዐይኔን ጨፍኜ ጥፊውን ስጠብቅ እማየ «ምን ታድርግ፣ ክደኚ ያልኋት እኔ ነኝ» አለችና ወለባዋን ከሹሩባዋ መዝዛ አቀበለችው። ሰሙን በወለባው ወግቶ አወጣና በሳቅ ፈረሰ።

«ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል እኮ፣ የኔ ልጅ! ከላይ አየር ካልገባለት ቤንዚኑ አይወርድለትም።»

ከዚያ ወዲያ አንዴም አልቆመ። ቅዳሴው ሳይገባ ደረስን፤ ወንድሜ ውኃው ውስጥ ሲነከር ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸት አናወጠው፣ እማየም እልልታዋን ስታቀልጠው አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ያ ሕፃን ዛሬ ጠጉሩ ሸብቶ ከእኔ በላይ ያረጀ ይመስላል። ያኔ እማየ ሰይጣን የምትፈራ ይመስለኝ ነበር፤ ወልጄ ካየሁ በኋላ ግን የምትፈራው ሁለተኛ ልጅ መቅበርን እንደነበር ገባኝ። ዛሬ ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው፤ ቢሆንም የልጅ ልጄ ባሳለ ቁጥር ተነሥቼ የቤቱን ዕቃ ሁሉ እየዞርሁ እከድናለሁ። የጎረቤታችንን ጄኔሬተር ግን አልነካም።