ቦሩ ሜዳ ድረስ

እንየው ወልደ ሚካኤል የሠራተኞቹን አውቶቡስ ሲረከብ አርባ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ አሰብ ድረስ የጭነት መኪና ነድቷል። በደርግ ዘመን ኮምቦልቻ ላይ አዲስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲከፈት ሠራተኛው በዛ፣ የሚከራይ ቤት ግን ጠፋ። ብዙው ሰው ደሴ እያደረ መመላለስ ግድ ሆነበት። ለዚህ ሰው አንድ አውቶቡስ ተመደበ፣ እንየውም ሾፌሩ ሆነ።

መስመሩ አጭር ነበር። ማለዳ ከደሴ መናኸሪያ ይነሳል፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ይወርዳል፣ ሰዉን ፋብሪካው በር ላይ ያራግፋል። ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ ከሥራ የወጡትን ጭኖ ያንኑ ዳገት ይወጣል። እንየው ብዙ አይናገርም፤ ግን ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማንን ገና ሐረጎ ሳይደርሱ እንቅልፍ እንደሚጥለው፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ከፊቱ ባለው መስታወት ያውቃል። ደሴ ላይ ጋቢ ተከናንበው የገቡ ሴቶች ኮምቦልቻ ሲቃረቡ በሙቀቱ አንድ በአንድ ሲገላለጡ እያየ በሆዱ ይስቃል።

በሁለተኛው ዓመት ከመናኸሪያው ወዲያ ያለው የሆጤ ሰፈር ነዋሪዎች አመለከቱና መስመሩ ሆጤ ድረስ ተቀጠለ። እንየው መዲናን ልብ ያላት ያን ጊዜ ነው። ከፈትል ክፍል ናት፤ ሃያ ስድስት ቢሆናት ነው። ሁልጊዜ ከሾፌሩ ጀርባ ትቀመጣለች፤ ጠዋት ሰላምታዋን ታቀርባለች፣ ከዚያ ወዲያ ድምጿ አይሰማም።

አንድ የሐምሌ ቀን ሆጤ ሲደርሱ ዝናቡ ይወርዳል። የወረደው ሁሉ ወደየቤቱ ሲሮጥ መዲና የጎማ ጫማዋን አወለቀች፣ ብብቷ ሥር ሸጎጠችና ከከተማው ውጭ ወዳለው ቦሩ ሜዳ በሚወስደው መንገድ ቀጠለች። እንየው ሞተሩን ሳያጠፋ፣ መታጠፊያው እስኪሰውራት ድረስ በዓይኑ ተከተላት።

በማግስቱ ሌሎቹ እስኪወርዱ ጠብቆ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት። ባሏ የሱፍ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ሰሜን ላይ ዓይኖቹን መቁሰሉን፣ በተለያዩ ቦታዎች ሲታከም ቆይቶ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል መተኛቱን ነገረችው። በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ ወጥታ ትጠይቀዋለች። ስትመለስ የሆስፒታሉ ሠራተኞች መኪና ያወርዳታል፤ ስትሄድ ግን ሁለት ሰዓት በእግሯ ነው።

«ዓይኑ ታሽጓል፤ አያየኝም» አለች። «ስገባ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ ጋሼ? ጎንበስ ይልና እግሬን በእጁ ይዳብሳል። ከዚያ ‹ዛሬም በእግርሽ› ይለኛል። ወላሂ፣ ከመንገዱ ይልቅ እሱ ነው የሚያደክመኝ።»

እንየው ባዶውን አውቶቡስ አዙሮ ተመለሰ። ከስድስት ዓመት በፊት የገዛ ሚስቱ ሥርጉት እዚያው ሆስፒታል ሁለት ወር ተኝታ ነበር። እሱ አሰብና ደሴ መካከል ሲባዝን የደረሰላት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ተኝታ አገኛት። እንቅልፏን ላለመንፈግ ብሎ ብርቱካኑን ራስጌዋ አስቀመጠና ሳይቀሰቅሳት ወጣ። በሦስተኛው ቀን አረፈች። ይህን ለማንም አውርቶት አያውቅም።

ዓርብ ዕለት እንደገና ዘነበ። ሆጤ ላይ ሰዉ ወርዶ ሲያልቅ መዲና ተነሳች።

«ተቀመጪ» አላት።

«መስመሩ እዚህ ያበቃል እኮ ጋሼ።»

«ዛሬ አላበቃም።»

ማርሽ አስገብቶ ጉዞ ቀጠለ። ብዙም ሳይርቅ ስንቅ ያንጠለጠሉ ሁለት ሽማግሌዎች አገኘና አቆመላቸው። ቀጥሎ ልጅ ያዘለች ሴት አገኘ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርስ አውቶቡሱ ውስጥ ዘጠኝ ሰው ነበር፤ ሁሉም በሽተኛ ጠያቂ።

እንዲህ እያለ ሦስት ሳምንት ሄደ። በአራተኛው ስማቸው የሚባለው የስምሪቱ ኃላፊ ቢሮ አስጠራው። ስማቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረቀት የሌለው ነገር ግን ያስፈራዋል። ነዳጁ የመንግሥት፣ ጎማው የመንግሥት መሆኑን አስረድቶ ለአስር ቀን ከመሪ አገደው። እንየው ቆቡን አንስቶ ሊወጣ ሲል ስማቸው ከኋላው፦

«ጋሼ እንየው፣ መስመር በአዘኔታ አይቀጠልም። ሰው ካለ፣ ሰው መኖሩን ያሳዩኝ» አለው።

ስማቸው ይህን ያለው ነገሩን ለመዝጋት ይሁን ለመክፈት እንየው አላወቀም። ቃሉን ግን እንዳለ ወሰደው። በማግስቱ አንድ ደብተር ገዝቶ ሆጤ፣ የአውቶቡሱ መስመር መጨረሻ ላይ ካለ ባሕር ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የሚያልፈውን ሁሉ ስሙን፣ የሚሄድበትንና ማንን እንደሚጠይቅ ሊጽፍ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ከሸፈ። በዚያ ዘመን መንገድ ዳር ተቀምጦ ስም የሚጽፍ ሰው ለመልካም አይመጣም። ጎረምሶቹ ከሩቅ ሲያዩት በእርሻው መሐል ታጠፉ። ጎመንና ካሮት ጭነው ወደ ከተማ የሚመጡት ገበሬዎች አህያቸውን እየነዱ መልስ ሳይሰጡት አለፉ። አንዲት አሮጊት ፊት ለፊቱ ቆመው ልጃቸውን ለውትድርና ወስዶ አልበቃው እንደሆነ ጠየቁት። ማታ ቤቱ ሲገባ ደብተሩ ላይ አራት ስም ብቻ ነበር።

መዲና ነገሩን ስትሰማ በዕረፍት ቀኗ መጣችና አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። «መጀመሪያ የኔን ይጻፉ፤ እኔ ከጻፍኩ ሌላው አይፈራም» አለችው። የመጣውን ሁሉ ቀድማ ሰላም እያለች ሰውዬው የአውቶቡስ ሾፌር እንጂ ሌላ እንዳልሆነ፣ የሚጻፈውም እግር እንዲያርፍ መሆኑን አስረዳች። ሰው ቆመ። ከቆመ በኋላ ደግሞ ስሙን ብቻ ነግሮ አልሄደም፤ የታመመበትን ሰው ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው። እንየው ደብተሩ ሲሞላ ሌላ ገዛ። ያን ሳምንት የሰማው ሃያ ዓመት በመኪናው ጋቢና ከሰማው ይበልጥ ነበር። በዘጠነኛው ቀን የሥርጉትን ነገር እሱም ለመዲና ነገራት። መዲና እስኪጨርስ ሰማችውና «ብርቱካኑን ስትነቃ አይታዋለች» አለችው። እንየው ደብተሩን ገልጦ የሚቀጥለውን መንገደኛ ስም ጻፈ።

በአስራ አንደኛው ቀን ሁለቱን ደብተር የስማቸው ጠረጴዛ ላይ አኖረ። ከአራት መቶ በላይ ስም ነበር። ስማቸው መጀመሪያ ገጹን ቶሎ ቶሎ ገለጠ፤ ቀጥሎ ዘገየ፤ በኋላም አንድ ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ወለተ ማርያም፣ ሰባ ዓመት፣ ለልጅ ልጃቸው ወተት ይዘው» ይላል።

«እኚህ ሴትዮ በእግራቸው ነው?»

«በእግራቸው። በየሁለት ቀኑ።»

ስማቸው ደብተሮቹን ከደብዳቤ ጋር ለበላይ አካል ላከ። ጥቅምት ላይ ፈቃድ መጣ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ቦሩ ሜዳ ድረስ። ዓመቱ ሳይጋመስ ሁለተኛ አውቶቡስ ተጨመረና በየቀኑ ሆነ። ገበሬዎቹም አትክልታቸውን ጣሪያው ላይ እየጫኑ ይመጡበት ጀመር። ከዚያ አልፎ ኩታበር ድረስ ይቀጥል የሚል አሳብም ነበር፤ ጦርነቱ ሲቃረብ ተረሳ።

የሱፍ ኅዳር ላይ ከሆስፒታል ወጣ። ግራ ዓይኑ ጠፋ፤ ቀኙ ተረፈ። አውቶቡሱ በየቀኑ ሲሆን መዲና ለዓይኑ ክትትል እንዲቀርብ ብላ እዚያው ቦሩ ሜዳ አንድ ክፍል ቤት ተከራየችና ከዚያ እየተነሳች ኮምቦልቻ ትሠራ ጀመር።

በአረፋ ዕለት እንየውን ጋበዙት። እሱ ክርስቲያን፣ ሥጋው የእስላም በመሆኑ ቡና ብቻ ጠጥቶ ሊወጣ አስቦ ነበር የሄደው። መዲና ግን አስቀድማ ክርስቲያን ጎረቤቷን አትጠገብን ለምናለች፤ የአትጠገብ ባል ደጉ በስመ አብ ብሎ ዶሮ አርዷል፣ አትጠገብ በራሷ ድስት ሠርታ አምጥታለች። የሱፍ በደህናው ዓይኑ ሳህኑን አይቶ ወደ እንግዳው ገፋለትና እጁን ታጥቦ እንዲቀርብ ለመነው። እንየው ቀረበ። ሁለቱ ወንዶች በየሳህናቸው፣ በአንድ ገበታ በሉ፤ መዲናም ደጃፉ ላይ ተቀምጣ እግሯን በፀሐይ ዘርግታ ታያቸው ነበር።