የኡቻን ድርሻ

ባለፈው ሰኔ ለሥራ ኢታንግ ደርሼ ስመለስ ጋምቤላ ላይ ግማሽ ቀን ተረፈኝና ወደ ባሮ ዳር ወረድኩ። ዓሣ ሻጮቹን እንዳለፍኩ የጥፍር ቀለም ከተቃጠለ ስኳር ጋር የተቀላቀለ የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ። የፋይበር ማጣበቂያው፣ ሬዚኑ ነው። ሌላውን ሰው ራሱን ያዞረዋል፤ እኔን ግን ወደ አሥራ አንድ ዓመቴ መለሰኝ። ሽታውን ተከትዬ ስሄድ አንድ ወጣት የተገለበጠች ጀልባ ሲጠግን አገኘሁ። የጀልባዋ አፍንጫ ሹል ነው፤ ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ደግሞ ሁለት ክብ ጉድጓዶች አሉ። እነሱን ሳይ እዚያው ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ።

አባቴ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጋምቤላ ተመድቦ የመጣ የአውቶ መካኒክ መምህር ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ኡቻን የአኙዋ ሰው ነው፤ ዓሣ ያጠምዳል፣ የተሰነጠቀ ጀልባ ይጠግናል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጀልባ ሲጠግን ኖሮ የራሱ ግን አልነበረውም። አንድ የዕርዳታ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ የተረፈ ዕቃውን በጨረታ ሸጠ፤ ከዕቃው መካከል ክፍል የሚያህል የእንጨት ሣጥን ነበር፤ ወረቀቱ ላይ «የፋይበር አካል» ተብሎ ተጽፎበታል። ጋምቤላ ውስጥ ፋይበር ሲባል ጀልባ የማይታየው ሰው ማን ነው? ሁለቱ ሳይከፍቱት ገዙት፤ ግማሹ የአባቴ፣ ግማሹ የኡቻን።

ሣጥኑ ግቢያችን ውስጥ ሲፈርስ የሠፈሩ ሰው ግማሹ ተሰብስቦ ነበር። ዕቃው ተገልብጦ ስለታሸገ በእርግጥም ጀልባ ይመስላል። ጋሽ ኡቻን በጣቱ አንኳኳው፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው፣ «ጥሩ ነው፤ አይሰምጥም» ብሎ ፈረደ። ከዚያ አገላበጡት። የበር ቦታ አለው፣ የጎማ ቦታ አለው፣ የሁለት መብራት ጉድጓድ አለው። ሞተር የለው፣ ጎማ የለው፤ የእሽቅድምድም መኪና ልብስ ብቻ ነው፣ ውስጡ ሰው የሌለበት ኮት።

ጋሽ ኡቻን የሣጥኑ ስብርባሪ ላይ ተቀመጠ። አባቴ ግን ዙሪያውን ሲዞር ፊቱን አየሁት፤ እንደ ልጅ በርቷል፤ ያን ፊት ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁበትም። በማግስቱ ከአንድ የቆመ አሮጌ ቮልስ ሻንሲውንና ሞተሩን አገኘና ጎረቤታችንን ለመነው። «አንድ ክረምት ብቻ ድርሻህን አውሰኝ። እሷ ከተነዳች በኋላ ጀልባህን በእጄ እሠራልሃለሁ።»

«እሺ ቲቸር» አለ ጋሽ ኡቻን። «ወንዙ የትም አይሄድም።»

እናቴ ደግሞ የወንበሮቹን ቦታ ቆጥራ «ሁለት ናቸው። ቤተሰቡ አምስት ነው» ብላ ወደ ቤት ገባች።

ያ ክረምት ሙሉ በሙሉ የጥያቄ ክረምት ነበር። የሬዚኑ መመሪያ የተጻፈው ብርድ አገር ላለ ሰው መሆኑን ማን ነገራቸው? በመጀመሪያው ቀን ማድረቂያውን እንደተጻፈው ጠብ ጠብ አድርገው ቢቀላቅሉት ሬዚኑ ጣሳው ውስጥ ጨሰ፣ ከነማማሰያው ደረቀ። እናቴ ያንን ጣሳ ለዓመታት በር አስደግፋበታለች። ከዚያ ወዲያ ሥራው ፀሐይ ሳትወጣ፣ ጣሳው የባሮ ውኃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ተቀምጦ ሆነ። የመኪናዋን አፍንጫ ከውስጥ ማጠንከር ነበረባቸው፤ የአዋቂ ክንድ ስለማይገባ የፋይበሩን ጨርቅ የማስገባው እኔ ነበርኩ፤ በመብራቶቹ ጉድጓድ ክንዴን እስከ ትከሻዬ እሰድና ጋሽ ኡቻን እንዳሳየኝ አረፋ እንዳይቋጥር በጣቴ እጫነዋለሁ። ማታ ማታ እጄን ሲያሳክከኝ አድር ነበር፤ ደስ እያለኝ።

በመስከረም መኪናዋ ተነሣች። ቀይ ናት፤ ድምፅዋ ግን የቮልስ ነው። አባቴ መሪው ላይ፣ ጋሽ ኡቻን ጎኑ፤ እኛ ከኋላ እየሮጥን። እንደ ንጉሥ እጃቸውን እያወዛወዙ ወደ ድልድዩ ሲያመሩ ትምህርት ቤቱ በር ያለው የፍጥነት መገደቢያ ጉብታ ላይ ወጡና ቀሩ። ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበርና እንቁላል እንዳቀፈች ዶሮ ተቀመጠች። ጎማዎቹ በከንቱ ይሽከረከራሉ፣ ተማሪው ይስቃል፣ ከሁሉ ይልቅ ጋሽ ኡቻን ይስቃል። ሰው ሁለቱን እንደያዘች አንሥቶ አወረዳት። ሁለተኛ አልተነዳችም።

አባቴ ከፍ ያለ ጎማ ሲፈልግ የዝውውር ደብዳቤው ደረሰ። ዕቃችን አይሱዙ ላይ ተጫነ፤ መኪናዋ ጋሽ ኡቻን ግቢ ማንጎው ሥር ቀረች። ሲሰነባበቱ ሁለቱም ስለ ጀልባው አላነሡም። መንገዱን ሁሉ አባቴ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ለሰው የሰጠውን ቃል በልቶ መሄዱን ያውቃል። ከዓመታት በኋላ ታሞ ተኝቶ ሳለ እንኳ አንዳንዴ ይባንንና «ያ ሰውዬ ጀልባ አገኘ ይሆን?» ይለኝ ነበር። እኔም አፍር ነበር።

ከዛፉ ሥር ተነሥቼ ወጣቱን ጉድጓዶቹ ምን እንደሆኑ ጠየቅኩት።

«ዓይኑ ነው፣ ማዘር። ጀልባ ያለ ዓይን እንዴት ይሄዳል?»

ማዘር መባሌን ዋጥ አድርጌ ማን እንዳስተማረው ጠየቅኩ።

«ሽማግሌው ኡቻን። ሞቷል። ቀይ ቅርጽ ግቢው ውስጥ አለ፤ በላዩ ሰም እንቀባና ፋይበር እናለብሰዋለን፣ ሲደርቅ አፍንጫው ይወጣል። እዚህ ያለው ሁሉ ከሱ ነው የወጣው። ከድሮ እንዲህ ነው።»

ወደ ውኃው ዞር ብዬ ቆጠርኩ። ሰባት ጀልባ፣ ሰባቱም የአባቴ መኪና ፊት አላቸው። መብራት ነው ልለው አፌ ደርሶ ተውኩት። ጋሽ ኡቻን ድርሻውን ማንንም ሳይጠይቅ፣ ማንንም ሳያሳፍር ወስዷል፤ አባቴ ግን ይህን ሳያውቅ ሞተ። የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ አንድ ሰው እዚህ ድረስ መጥቶ አይቶ ቢነግረው ኖሮ አባቴ በሰላም ይተኛ ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ መሆን ነበረብኝ።

ክንዴን በጉድጓዱ ልሰድ ሞከርኩ። የተደፈነ ነው፤ ባይደፈንም አሁን አይገባም። ማዶ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም፤ ቢሆንም ወጣቱን ከሰባቱ በአንዱ «አሻግረኝ» አልኩት።