ፊደሎቹን ለጨዋታው ብቻ

በደርግ ዘመን ማብቂያ ገደማ የምኖረው ኮልፌ፣ የምሠራው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ነበር። ያኔ ወጣት ነበርኩ። አለቃዬን አስፈቅጄ በምሳ ሰዓት አንድ ጨዋታ መሥራት ጀመርኩ፤ ፊደሎች ከስክሪኑ አናት ይወርዳሉ፣ ተጫዋቹ ታች ሳይደርሱ ትክክለኛውን ቁልፍ ይጫናል። ችግሩ ማሽኑ አማርኛ አያውቅም።

የአማርኛውን ፊደል ያገኘሁት ከጎረቤቴ ነው። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ የሌላ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ቴክኒሺያን ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ሥለው ኮምፒዩተር ውስጥ አስገብተውት ነበር። ዲስኬቱን ሲሰጡኝ አንድ ወረቀት አስፈረሙኝ፤ «ፊደሎቹን ለምትሠራው ጨዋታ ብቻ ትጠቀምባቸዋለች፤ ለሌላ አሳልፋ አትሰጥም» ይላል። ሳላቅማማ ፈረምኩ።

ጨዋታው ሲያልቅ ለአንዲት ጓደኛዬ ገልብጬ ሰጠኋት። የእሷ መሥሪያ ቤት ሰዎች ፊደሎቹን ከውስጡ አውጥተው ማስታወቂያ ይጽፉባቸው ጀመር። ጎረቤቴ አንዱን ማስታወቂያ ዘነበወርቅ ፌርማታ ላይ ተለጥፎ አይተው፣ ልጠው ይዘውት ቤቴ መጡ።

«ይሄ ‹ጨ› የማን ነው?» አሉኝ። አንዱን እግሩን አሳጥረው የሣሉት እሳቸው ነበሩ።

«እኔ የሰጠሁት ጨዋታውን ነው ጋሼ፣ ፊደሎቹን አይደለም።»

«እንግዲያው ሸንጎ ይለየን» ብለው ወጡ።

እውነትም ከሰሱኝ። ከቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ዳኞች መካከል ኮምፒዩተር ያየ አልነበረም። አንደኛው፣ «ፊደል የእርስዎ ነው እንዴ?» ሲሏቸው አዳራሹ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ።

«ፊደሉ የሁላችን ነው» አሉ ጋሼ። «እነዚህን ነጥቦች የደረደርኩት ግን እኔ ነኝ።» በፈገግታዬ አፈርኩ።

ሰብሳቢዋ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ውሉን ሁለቴ አንብበው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ጨዋታውን ስትሰጪ ፊደሎቹ አንቺ ዘንድ ቀሩ?»

«አልቀሩም፤ አብረው ሄዱ።»

«ሰው ሊያወጣቸው እንደሚችል ታውቂ ነበር?»

አውቅ ነበር።

«የሰፋሁትን ቀሚስ የወሰደ ሰው ስፌቱን ፈትቶ ልኩን ማውጣት ይችላል» አሉ ለሌሎቹ ዳኞች።

ጨዋታውን ከእነዚያ ፊደሎች ጋር ለማንም እንዳልሰጥ፣ የሰጠሁትንም እንዳስመልስ ወሰኑብኝ። ጓደኛዬ ዲስኬቱን ወዲያው መለሰችልኝ። መሥሪያ ቤቷ ግን ቀበሌው ለጻፈው ደብዳቤ መልስ አልሰጠም፤ ማስታወቂያዎቹም መለጠፋቸውን አላቆሙም።

ካሬ ወረቀት ገዝቼ የራሴን ፊደል መሣል ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት ሠርቼ ገና «ቀ» ላይ ነበርኩ። የእሳቸው ሁለት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ዕለት፣ ከሥራ ስመለስ በቀጥታ ጎረቤቴ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ተቀበሉኝ፤ ሻይም አቀረቡልኝ። ፊደሎቹን ግን ዳግመኛ ልጠቀምባቸው ብዬ አልጠየቅኳቸውም፣ እሳቸውም ውሰጂ አላሉኝም።